በመዳብ ላይ የተቀረጸች አክሱም

ወደ አክሱም የሚሄድ ምእመን በጾምና በጸሎት፣ ነጋዴም በስንቅና በገንዘብ ይሰናዳል፤ እኔ ግን ለዚህ ጉዞ የተሰናዳሁት በአንድ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ስለዚያች ጥንታዊት ከተማ በልዩ ልዩ ዘመን የታተሙትን ባለ ሥዕል መጻሕፍት በማገላበጥ ነበር። ብዙዎቻችን አክሱምን በዓይናችን ሳናያት በዓይነ ልቡናችን የሣልናት፣ ሐውልታችንንና ፍርስራሻችንን፣ ተራራችንንና ሸለቋችንን በመዳብና በድንጋይ ላይ አስቀርጸው ለዓለም ካሳዩት ከእነዚህ መጻሕፍት በተቀዳ ሥዕል ነውና፣ የሥዕሎቹን ግልባጭ ይዤ ከድንጋዩ ፊት በመቆም ማን እውነቱን እንደ መሰከረ፣ ማን እንዳሳመረ፣ ማንስ እንዳጐደለ ለማስተያየት ፈለግሁ። በዚህ ማስታወሻ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የአንድን አገር መልክና ጥንታዊ ቅርስ ለይቶ የመግለጽ ጥበብ ከጥንት የመጣ ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያው ሊቅ በጥሊሞስ፣ ምድርን በሙሉ የሚገልጸውን ሰው የራስን ምሉእ መልክ ከሚሥል ሠዓሊ፣ አንዱን አገር ብቻ የሚገልጸውን ደግሞ ዓይንን ወይም ጆሮን ለብቻ ከሚሥል ሠዓሊ ጋር አመሳስሎ፣ ይህ ሁለተኛው ሥራ ከስሌት ዕውቀት ይልቅ የሠዓሊ እጅ እንደሚያሻው አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ይሁን እንጂ ጥበቡ በኤውሮፓ የመጽሐፍ መልክ ይዞ የተስፋፋው ማተሚያ ከተገኘ በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ካምደን በ1586 ስለ አገሩ አውራጃዎችና ጥንታውያን ቅሬታዎች ያሳተመው በላቲን ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ መጀመሪያ የሊቃውንት ንባብ ነበረ፤ በ1607 እትሙ የየአውራጃው ካርታ ገባበት፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ሳሙኤልና ናትናኤል በክ የተባሉ ወንድማማቾች እንግሊዝንና ዌልስን እየዞሩ የፈረሱ ገዳማትንና የነገሥታት አምባዎችን በመሣል ከአራት መቶ በላይ ሥዕሎች ሲያሳትሙ፣ ከያንዳንዱ ሥዕል ሥር የቦታውን ባለቤት ስም ከነዓርማው ያስቀርጹ ነበር። ባለ ርስቱ ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሎ፣ ፍርስራሹ ከነስሙ ተሥሎ በቤቱ ይሰቀልለት ነበርና፣ ይህ ዓይነት መጽሐፍ ከመነሻው የዕውቀት ፍቅርና የባለጸጎች ክብር አብረው የወለዱት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ኋላም ስቱዋርትና ሬቬት የተባሉት እንግሊዛውያን የአቴናን ቤተ ጣዖታት በገመድና በመለኪያ ለክተው የመጀመሪያውን ጥራዝ በ1762 አሳተሙ፤ ቶማስ ዳኒየልና የወንድሙ ልጅ ዊልያም የህንድን አገር መልክ በ144 ታላላቅ ሥዕሎች ገለጹ፤ የቦናፓርት ሊቃውንትም ግብጽን የሚገልጹትን እነዚያን ግዙፍ ጥራዞች ከ1809 ጀምሮ በፓሪስ ማውጣት ያዙ። ይህ የመጨረሻው ከጦር ሠራዊት ጋር የዘመተ መጽሐፍ መሆኑን ሳስብ፣ የሥዕሉ ውበት ነቀፋዬን ሊያስተወኝ አልቻለም።

አንድ ሥዕል ከስፍራው ተነሥቶ ከመጽሐፍ ገጽ እስኪደርስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ያላወቀ ሰው እነዚህን መጻሕፍት አለመጠን ያምናቸዋል፤ ወይም አለመጠን ይጠራጠራቸዋል። መንገደኛው ሠዓሊ በስፍራው የሚሠራው በእርሳስና በውኃ ቀለም የተነካካ ንድፍ ነው፤ ጐኑ ላይ «ይህ ቀይ ዐለት ነው»፣ «እዚህ ላይ ዛፍ አለ» እያለ ማስታወሻ ይጽፍበታል። ንድፉ በመርከብ ተጭኖ ለንደን ሲደርስ ቀራጩ ሰሌዳውን ይረከበዋል። በዚያ ዘመን ለአገር መልክ ይመረጥ በነበረው ስልት፣ ቀራጩ በተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ላይ እንደ ዱቄት የደቀቀ ሙጫ ነስንሶ ከሥር በእሳት ያሞቀዋል፤ ሙጫው ቀልጦ በደቃቅ ነጠብጣብ ከመዳቡ ይጣበቃል፤ ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበትን ክፍል አሲድ በማይበላው ቅባት ይሸፍንና ሰሌዳውን ከአሲድ ይነክረዋል። አሲዱ በነጠብጣቦቹ መካከል ያለውን መዳብ ይበላል። ለሰማዩ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነክሮ ያወጣዋል፤ ከዚያ ሰማዩን ሸፍኖ ተራራውን እንደ ገና ያስበላል፤ ጥላውን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ያስበላል፤ ቀለም ተቀብቶ በወረቀት ላይ ሲታተምም ከቀጭን ግራጫ እስከ ጽልመት ያለው ጥላ ሁሉ የብሩሽ ሥራ መስሎ ይወጣል። በመጨረሻ ቀለም ቀቢዎች በየቅጠሉ ላይ ሰማዩን ሰማያዊ፣ ሣሩን አረንጓዴ እያደረጉ ይጨርሱታል። እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ ድንጋዩን በዓይኑ ያየው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሌሎቹ ደመናውን ከለንደን ሰማይ፣ ዛፉን ከለንደን መናፈሻ ቢያመጡት ምን ይደንቃል?

በእኛ አገር ነገሩ የተጀመረው ሥዕል በሌለው መጽሐፍ ነው። ከ1520 ጀምሮ ስድስት ዓመት ያህል በኢትዮጵያ የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1540 በሊስቦን በታተመው መጽሐፉ አክሱምንም ላሊበላንም በቃል ገልጿል፤ ነገር ግን ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍለው የወጡትን አብያተ ክርስቲያናት ሲተርክ፣ ያላየ ሰው አያምነኝም ብሎ ስለ ሠጋ የጻፈው እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሎ እስከማረጋገጥ ደርሷል። በእኔ ግምት የባለ ሥዕል መጽሐፍ አስፈላጊነት ከዚህ መሐላ ይልቅ በሌላ አይገለጥም። ለላሊበላ መሐላውን የሚተካ፣ በሥዕል የተደገፈ መጽሐፍ የወጣለት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ፣ ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ በ1882 ሲያሳትም ነው። በመካከሉ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ሲያወጣ፣ እርሱ አገራችንን ረግጦ ባያውቅም ከመካነ ሥላሴው ከአባ ጎርጎርዮስ አፍ የሰማውን በጥንቃቄ ጽፏል፤ ሥዕሎቹ ግን የዝሆንና የዝንጀሮ መንጋ የሚታይባቸው፣ ከወሬ የተወለዱ ናቸው። የአባ ጎርጎርዮስ ስም በክብር መጠቀሱ የሉዶልፍን መጽሐፍ ከኋለኞቹ ሁሉ የሚያስመሰግነው ነው፤ ኋለኞቹ መንገድ የመራቸውንና የድንጋዩን ታሪክ የነገራቸውን ሰው ብዙ ጊዜ ያለ ስም ትተውታልና።

ከአድዋ ተነሥተን ወደ ምዕራብ ስንጓዝ፣ በመኪናው መስኮት የሚታዩትን እነዚያን ሹል ሹል ተራሮች ከያዝሁት ግልባጭ ጋር አስተያየሁ። ቀራጩ አጋነነ ብዬ የምነቅፍበት ቦታ አላገኘሁም፤ የአድዋ ተራሮች ራሳቸው የተጋነኑ ናቸው።

ሐውልቶቹ ወዳሉበት ሜዳ ስገባ መጀመሪያ ያወጣሁት የጄምስ ብሩስን ሥዕል ነበር። ይህ ስኮትላንዳዊ አክሱም የደረሰው በጥር ወር 1770 ሲሆን፣ አምስት ጥራዝ መጽሐፉን ያሳተመው ከሃያ ዓመት በኋላ በ1790 ነው። አብሮት የመጣው ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ተወላጅ፣ እጁ እጅግ የሠለጠነ ሠዓሊ ነበረ፤ የአገራችንን ዕፀዋት የሣለባቸው ወረቀቶች እስከ ዛሬ ድረስ የዕፀዋት ሊቃውንት የሚያደንቋቸው ናቸው። ባሉጋኒ በ1771 በጐንደር ዐረፈ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ የሠዓሊውን ድካም ለራሱ ወሰደው፤ እስከ ዓባይ ምንጭ አብሮት መሄዱን እንኳ ሸሸገ። ብሩስን ጐንደርን ስላስተዋወቀና መጽሐፈ ሄኖክን ወደ ኤውሮፓ ስላደረሰ የማመሰግነውን ያህል፣ በዚህ ነገር ግን ይቅር ለማለት ይከብደኛል። የአክሱሙ ሐውልት ሥዕሉ ደግሞ ከድንጋዩ ጋር ሲተያይ የሚያሳዝን ነው፤ ቅርጹ ተዛብቷል፤ ጌጡም ሌላ ሆኗል። ብሩስ እነዚህን ሐውልቶች የግብጽ በጥሊሞሳውያን ሥራ አድርጎ ይገምት ነበርና፣ እጁ ዓይኑን ሳይሆን አሳቡን የተከተለ ይመስለኛል።

ቀጥዬ ያወጣሁት የሄንሪ ሶልትን ነው። ሶልት ሥዕል የተማረው፣ ራሱ የእንግሊዝን ሐይቆችና ወንዞች እየሣለ ባለ ሥዕል መጻሕፍት ካሳተመው ከጆሴፍ ፋሪንግተን ዘንድ ስለ ሆነ፣ ቀድሞ የጠቀስሁት ጥበብ በቀጥታ ከእንግሊዝ ፍርስራሽ ወደ አክሱም የተሻገረው በእርሱ እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1805 ሎርድ ቫለንሺያ የተባለ መስፍን ጸሓፊና ሠዓሊ አድርጎ ይዞት መጥቶ፣ ከምጽዋ ወደ ትግራይ ገዢ ወደ ራስ ወልደ ሥላሴ ላከው፤ በዚያው ጉዞ አክሱምን አየ። በ1809 ቫለንሺያ የጉዞውን መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ሶልት ደግሞ የዳኒየሎቹን የህንድ ሥዕሎች ተከታይ እንዲሆን በዚያው ታላቅ መጠን ሃያ አራት ሥዕሎችን አሳተመ። ከእነዚህ አንዱ የቆመው የአክሱም ሐውልት ነው፤ በጐኑም አንድ ታላቅ ዳሮ ቅርንጫፉን ዘርግቶ ይታያል።

ይህን ሥዕል ይዤ ከሐውልቱ በስተደቡብ ቆምሁ። ሶልት ከዚሁ ወገን እንደ ቆመ ከሥዕሉ ይታወቃል። ከሥር የተቀረጸው የማይከፈት በር ከነቍልፉ በቦታው አለ፤ ከበሩ በላይ መስኮቶቹ በየደርቡ ይደረደራሉ፤ በደርብና በደርብ መካከል የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት ክብ ክብ የግንድ ጫፎች በረድፍ ይወጣሉ፤ ከጫፉም ግማሽ ጨረቃ የመሰለው ራስ አለ። ሁሉንም ከሥዕሉ ጋር አንድ በአንድ ብቈጥረው የሶልት ዓይን ታማኝ ሆኖ አገኘሁት። ነገር ግን ሥዕሉ ሊነግረኝ ያልቻለውን ያገኘሁት ወደ ሐውልቱ ጀርባ ስዞር ነው፤ ጀርባው ከፊቱና ከሁለቱ ጐኖች በተለየ በሩም መስኮቱም የለበትም። ከእኔ ጋር ሥዕሉን ይመለከት የነበረ አንድ ጐልማሳ አስጐብኚ፣ «እንግዶች ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሡት ፊቱን ነው፤ ጀርባውን አይቶ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው» አለኝ። የውበት ሠዓሊ አንድ ፊት ይመርጣል፤ የመረጠውም ፊት ለሁለት መቶ ዓመት የሐውልቱ መልክ ሆኖ ይቀራል። ይህ ሐውልት ቀጥ ብሎ ሲቆም በአጠገቡ 33 ሜትር የሚረዝመውና ወደ 520 ቶን የሚመዝነው ታላቁ ሐውልት ተሰባብሮ ተኝቷል፤ የወደቀው ግን ለሥዕል ስለማይመች ብዙዎቹ አልፈውታል።

ሶልትን ከማረኩኝ ነገሮች ዋናው ግን የሥዕሉ ውበት አይደለም። በከተማይቱ የነበረውን የንጉሥ ዔዛናን የጽርእ ጽሕፈት ፊደል በፊደል ቀድቶ አሳተመ፤ በ1810 ዳግመኛ ሲመጣም ወደዚያው ድንጋይ ተመልሶ ቀድሞ የጻፈውን አረመ። ብሩስ በአክሱም አነበብሁት ያለውን የግብጹን ንጉሥ የበጥሊሞስን ስም ፈልጎ ስላጣው፣ የብሩስ የሐውልት ሥዕልም ከእውነተኛው ጋር የማይመሳሰል መሆኑን በጽሑፉ ገለጸ። በ1814 ባሳተመው ሁለተኛ መጽሐፉ ይህን ሁሉ ስናነብ፣ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ከባለጸጋ አዳራሽ ጌጥነት ወደ ምስክርነት የተሸጋገረበትን ቦታ እናገኛለን።

ከሶልት በኋላ የመጡትን በአጭሩ ልለፍ። የፈረንሳዩ ለፌቭር ጓደኞቹን በበሽታና በዓባይ አዞ አጥቶ ከ1845 ጀምሮ ብዙ ጥራዝ ከሥዕል መድበል ጋር አወጣ፤ ጀርመናዊው በርናትዝ ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥቶ የአፋርን በረሃና የሸዋን ደጋ የሣለበት መጽሐፍ በ1852 በለንደን ታተመ። የበርናትዝ ሥዕሎች በመዳብ ሳይሆን በኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ ተሥለው የታተሙ ስለ ሆኑ ለስላሳነታቸው ዓይንን ያሳርፋል፤ አንኮበርን ለሚወድ ሰው ከእነርሱ የተሻለ የለም። በ1868 ግን ከእንግሊዙ የናፒየር ጦር ጋር ሠዓሊውም ፎቶግራፍ አንሺውም የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛውም አብረው ወደ መቅደላ ወጡ፤ ሠዓሊው ሥዕሉን፣ ሙዚየሙም ብራናውን ይዞ ተመለሰ። መሣልና መውሰድ ጐን ለጐን የሄዱበት ጊዜ ስለ ነበረ፣ የዚያን ዘመን ሥዕሎች ስመለከት ደስታዬ ሙሉ አይሆንም።

ስለ አክሱም ከተጻፈው ሁሉ አክሊሉን የምሰጠው ግን ለዓይን ከሁሉ ይልቅ ደረቅ ለሆነው መጽሐፍ ነው። በ1906 መጀመሪያ ወራት በአፄ ምኒልክ ፈቃድ አራት ጀርመናውያን አክሱም ደረሱ፤ መሪያቸው የቋንቋ ሊቁ ኤኖ ሊትማን፣ ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የሕንፃ ሊቃውንት፣ ኤሪክ ካሽከ ሐኪም ነበሩ። ሥራቸው በ1913 በበርሊን በአራት ጥራዝ ታተመ። ጥንታውያኑን ሐውልቶችና አብያተ መንግሥት የያዘው ሁለተኛው ጥራዝ የክሬንከር ነው፤ በውስጡ ደመና የለም፤ የሚያጌጥ ዛፍም የለም። የቆመውን ሐውልት በአንድ ፊት ብቻ ሳይሆን በየጐኑ፣ የወደቀውንም በየስብርባሪው ለክቶ ሥሎታል። ደብረ ዳሞ ወጥቶም የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ መረመረ፤ በዚያ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ የተገነባውን ግድግዳ፣ ከግድግዳው የሚወጡትንም የእውነተኛ ግንድ ጫፎች ከሐውልቱ ጌጥ ጋር ሲያስተያይ፣ የአክሱም ሐውልት ባለ ብዙ ደርብ ቤት በአንድ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ መሆኑን ለማንም በሚታይ መንገድ አስረዳ። ብሩስ በግምት ከግብጽ ያመጣውን ጌጥ፣ ክሬንከር በመለኪያ ወደ አገሩ ግንበኛ መለሰው።

ከዚህ ጥራዝ ውስጥ ታእካ ማርያም የተባለው ቤተ መንግሥት መሠረት የተሣለበትን ገጽ ይዤ ወደ ከተማው ምዕራብ ሄድሁ። በሥዕሉ ላይ 120 በ80 ሜትር የሚያህል ሕንፃ ከነክፍሎቹ፣ ከነደረጃዎቹና ከነአደባባዩ ይታያል። በመንገድ ዳር ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና፣ «አባቴ፣ ታእካ ማርያም የሚባለው ወዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ቆመህበታል» አሉኝ። በኢጣልያ ወረራ ዘመን መንገድ ሲሠራ ያ መሠረት ፈርሶ ጠፍቷል። ሥዕሉን አሳየኋቸው፤ ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ እያንቀሳቀሱ ብዙ ከተመለከቱት በኋላ፣ «ይህን የሠራው ሰው የእኛን ቤት ከእኛ ይልቅ ያውቀው ኖሯል» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። ከጀርመኖቹ ጋር ድንጋዩን የቈፈሩት የአክሱም ሰዎች መሆናቸውን ነገርኋቸው፤ ስማቸውን ግን ልነግራቸው አልቻልሁም።

ይህን ስል የራሳችን ሊቃውንት ዝም ብለው ኖረዋል ማለቴ አይደለም። መጽሐፈ አክሱም የተባለው ድርሳን የጽዮንን ርስትና ሥርዓት ሲመዘግብ፣ በግራኝ ዘመን የተቃጠለችውን የቀድሞዋን ካቴድራል ርዝመትና ስፋት በክንድ፣ ዓምዶቿንና መስኮቶቿን በቍጥር፣ የዝንጀሮ ራሶቿን እንኳ ሳይቀር ቈጥሮ ጽፏል። የጻፈው ደብተራ ሥዕል አልጨመረበትም፤ ነገር ግን በእርሱ ቍጥር አንድ የሕንፃ ሊቅ ዛሬ ያችን ቤተ ክርስቲያን በወረቀት ላይ ሊያቆማት ይሞክራል። ይህ ብራና ከሶልት የመዳብ ሥዕል ይልቅ ለክሬንከር መለኪያ ይቀርባል፤ ሁለቱም አንባቢን ከማስደነቅ ይልቅ ቈጥረው ማስረከብን መርጠዋልና።

ክሬንከር በ1906 ተሰባብሮ ተኝቶ ያየው 24 ሜትር የሚሆነው ሁለተኛው ሐውልት በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ፣ በ2005 ተመልሶ፣ በ2008 ዳግመኛ ቆሟል። ስለዚህ ዛሬ አክሱምን የሚጐበኝ ሰው ከእነዚህ መጻሕፍት በአንዱም ያልተሣለ መልክ ያያል፤ ሁለት ታላላቅ ሐውልቶች በአንድነት ቆመው የሚታዩባት አክሱም ለብሩስም፣ ለሶልትም፣ ለክሬንከርም አልታየችም።

የጀርመኖቹ ሥራ ስለ ሐውልቶቹ የያዘው ዋና ክፍል በ1997 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ተሳታፊነት በእንግሊዝኛ ታትሟል። የክሬንከር ሥዕሎች በአማርኛና በትግርኛ መግለጫ ታትመው በየትምህርት ቤቱ ቢገቡ፣ በተለይም ለአክሱምና ለአድዋ ልጆች ቢደርሱ፣ ወጪው ጥቂት ነው፤ የሕንፃ ትምህርት የሚማሩ ወጣቶቻችንም ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲመለሱ ሜትር፣ ገመድና እርሳስ ይዘው የየደብራቸውን ቤተ ክርስቲያንና የየቀበሌያቸውን አሮጌ ቤት አራቱንም ፊት፣ ጀርባውንም ጭምር ለክተው ይሣሉ፤ ከሥዕሉም ሥር የለካውን ብቻ ሳይሆን ገመዱን የያዘለትን ሰው ስም ይጻፉ።